የወይንሸት ቀይ ካርዶች

አምደሚካኤል ሃውቶርን በምትባል ከተማ በአንድ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ ሥራው የሌላውን ሰው ሥራ አይቶ «አይሆንም» ማለት ነበር። ብሎን ያያል፣ ማጠፊያ ያያል፣ ቱቦ ያያል፤ በአጉሊ መነጽር ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ አንዳንዴም ጆሮው ሥር አድርጎ ያንኳኳል። የፀጉር ክር የምታህል ጭረት ካገኘ ከኪሱ ቀይ ካርድ ያወጣና ዕቃው ላይ ያንጠለጥላል። ቀይ ካርድ የተንጠለጠለበት ዕቃ ሰማይ አያይም።

ሚስቱ ወይንሸት ይህን ጠባዩን ከፋብሪካው ቤት ድረስ ይዞት ሲመጣ እያየች ኖራለች። አንድ ሶፋ ለመግዛት ስምንት ወር ፈጅቶባቸዋል። የሻይ ማንቆርቆሪያ ሦስት ጊዜ ወደ ሱቅ መልሷል፤ የመጨረሻውን የመለሰው ክዳኑ ሲገጠም የሚያሰማው ድምፅ ስላልጣመው ነው።

ታዲያ ይኸው ሰው ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ቲማቲም ገዝቼ ልምጣ» ብሎ ወጣና አርቪ እየነዳ ተመለሰ። ከነአልጋው፣ ከነምድጃው፣ ከነሽንት ቤቱ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሙሉ ቤት! ከቁመቱ የተነሳ የጎረቤቱን የጃካራንዳ ቅርንጫፍ ገንጥሎ አናቱ ላይ እንደ አበባ ጉንጉን ተሸክሞት ነበር።

ወይንሸት ደጅ ወጥታ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ከመግዛትህ በፊት ስንት ደቂቃ አየኸው?»

«በቂ ጊዜ አይቼዋለሁ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ሃያ» አለ አምደሚካኤል፣ ወደ ጎማው እያየ።

«ማንቆርቆሪያውን ሁለት ሰዓት ነው ያየኸው።»

ፊቱ ላይ ግን ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ አይታው የማታውቀው ዓይነት ፈገግታ ነበረና ወይንሸት የቀረውን ንግግሯን ለሌላ ቀን አስቀመጠችው።

መንገድ ላይ ማቆም ክልክል ስለሆነ፣ አርቪው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ሱቅ ባለው ጓደኛቸው በፍቅረማርያም ጓሮ እንዲቆም ተደረገ። ፍቅረማርያም ከአዲስ አበባ የተማሪነት ዘመን ጀምሮ የሚያውቃቸው፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። ቦታውን በነፃ ሰጣቸው። ለደንበኞቹ ግን «የኔ ነው፤ ለነሱ አንዳንዴ አውሳቸዋለሁ» ይል እንደነበር ወይንሸት ኋላ ሰማች።

የመጀመሪያ ጉዟቸው ቬንቹራ አጠገብ ወዳለ የባሕር ዳር ካምፕ ነበር፤ ሁለት ሌሊት። ወይንሸት ገና ኦክስናርድ ሳይደርሱ ሾርባ ልጠጣ ብላ ማንኪያ ፈለገች። ማንኪያው ያለበት መሳቢያ አልከፈት አለ። ለካ ይህ ቤት አንድ ቁልፍ ሲጫኑት የጎን ግድግዳው ጠረጴዛና ወንበሩን እንደያዘ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ ለጉዞ ደግሞ ተመልሶ የሚገባ ነው። ግድግዳው ገብቶ ሳለ የወንበሩ ጀርባ መሳቢያው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ማንኪያ ማግኘት የሚቻለው ቆመው ግድግዳውን ካስወጡ ብቻ ነው።

«ሲነዳ ማንም አይበላም ብለው ነው» አለ አምደሚካኤል ከመሪው ላይ። «ለሴፍቲ ነው።»

ካምፑ ደረሱ። ወይንሸት ሽንት ቤት ገባች። ተቀምጣ በሩን ልትዘጋ ስትል ጉልበቷ ደጅ ቀረ። በጎን ዞራ፣ አንድ እግሯን ገላ መታጠቢያው ውስጥ ከታ እንደ ምንም ዘጋችው። መብራት ፈለገች፤ የለም። «አምዴ፣ መብራቱ የት ነው?» ብላ ስትጮህ ባልዋ አሥር ደቂቃ ፈልጎ አልጋው ራስጌ፣ ትራሱ ጀርባ አገኘው። ሦስት ማብሪያዎች ተደርድረዋል፤ የቱ የምን እንደሆነ የሚናገር አንዲት ፊደል የለም። ስትወጣ ደግሞ በሩ አልከፈት አለ። ባልዋ ወተት ሊያወጣ ትይዩ ያለውን ፍሪጅ ከፍቶት ኖሯል፤ የፍሪጁ በር ጠባቡን መተላለፊያ ሞልቶ የሽንት ቤቱን በር ደግፎ ቆሟል።

«ለቦታ ቁጠባ ነው» አለ አምደሚካኤል፣ በሩን ዘግቶ ነፃ ሲያወጣት። «ኢንቴንሽናል ነው፤ ሆን ተብሎ። ተራ መጠበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

ወይንሸትን ያንገበገባት ይሄ ነው። ሽንት ቤቱ አይደለም፤ ሽንት ቤት እንዲሁ ሽንት ቤት ነው። በማንቆርቆሪያ ክዳን ሱቅ ያንቀጠቀጠ ሰው ለዚህ ጉድ ሁሉ ጥብቅና መቆሙ ነው። የቆሻሻ ውሃ መጠን አመልካቹ ባዶውን ጋን «ሙሉ ነው» ሲል «ጠንቃቃ ነው» ይላል። ከጠረጴዛው ተነስቶ በቆመ ቁጥር ከበላዩ ያለው ቁምሳጥን ግንባሩን ሲመታው ግንባሩን እያሸ «ጥሩ ጣውላ ነው» ይላል።

ከጉዞው በተመለሱ ማግሥት የቤታቸውን ጓዳ መሳቢያ ስትከፍት፣ ባልዋ ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ ለማስታወሻ የሰጡት አንድ ጥቅል ቀይ ካርድ እጇ ገባ። እያንዳንዱ ክር አለው። «የዕቃው ስም፣ ጉድለት፣ የተቆጣጣሪ ፊርማ» የሚል የታተመ መስመርም አለው። ወይንሸት በሆስፒታል ላብራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት የደም ብልቃጥ ላይ ስትጽፍ የኖረች ናትና ጠባብ ቦታ ላይ አጥርቶ መጻፍ ታውቅበታለች። መነጽሯን አደረገች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አምደሚካኤል አርቪውን ሊያጥብ ፍቅረማርያም ጓሮ ሲሄድ፣ ውስጡ ሃያ ሦስት ቀይ ካርድ ተንጠልጥሎ ከነፋሱ ጋር ይወዛወዝ ነበር። ፍቅረማርያም በመስኮት አይቶ «ለበዓል ነው እንዴ ያስጌጣችሁት?» አለው።

አምደሚካኤል አንዱንም ሳያነብ ሁሉንም በጥሶ መሳቢያ ውስጥ ጨመራቸው። በሳምንቱ ካርዶቹ ወደየቦታቸው ተመልሰው ተንጠለጠሉ። እንደገና በጠሳቸው። እንደገና ታሰሩ። በዚህ ጉዳይ ባልና ሚስቱ አንድ ወር ተኩል ሲፋለሙ አንድ ቀን እንኳ ቃል አልተለዋወጡም፤ እራት ላይ ስለ አየር ጠባይ ነበር የሚያወሩት።

ነገሩ የተገለበጠው ፀጉር ቤት ነው። ሮሐ ፌርፋክስ ላይ ፀጉር የምትሠራ፣ የጴንጤ መዝሙር ከጠዋት እስከ ማታ የምታሰማ፣ ምላሷ ከመቀሷ የማይተናነስ ልጅ ናት። ወይንሸት ማድረቂያው ሥር ቁጭ ብላ ስለ አርቪው ስታማርር፣ ሮሐ የካምፓኒውን ስም ሰማችና ማበጠሪያዋን አየር ላይ አቆመች።

«እትዬ ወይኒ፣ ወንድሜ ጌድዮን እኮ እዚያ ነው የሚሠራው! ቶራንስ ከተማ ባለው ኦፊሳቸው። ውስጡን ዲዛይን የሚያደርገው እሱ ነው።»

ወይንሸት ከማድረቂያው ሥር አንገቷን እንደ ኤሊ መዘዘች። «ውስጡን ስትዪ?»

«እነ ሽንት ቤት፣ እነ ቁምሳጥን… እንደዚህ፣ እንደዚህ።»

«እነ ሽንት ቤት» አለች ወይንሸት ቀስ ብላ። ድምፅዋ ውስጥ የሆነ ፍቅር የሚመስል ነገር ነበረ። ወዲያው ደግሞ ፊቷን አስተካከለች። «ውይ፣ አምደሚካኤል ያን መኪና እንዴት እንደሚወደው ብታይ! የሠራውን ሰው እጁን ጨብጬ ባመሰግነው እያለ ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ምሳ ይዘሽልኝ ነይ። እዚያው አርቪው ውስጥ እንበላለን።»

አምደሚካኤል ይህን ሲሰማ ሦስት ቀን ሙሉ አርቪውን ሲወለውል ከረመ። «እነዚያ ነገሮች ግን…» አለ ዓይኑን ሰበር አድርጎ።

«አነሳቸዋለሁ» አለች ወይንሸት፣ ሳትከራከር። ይሄኔ ሊጠረጥር ይገባው ነበር።

ጌድዮን ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚሁ ዌስትቼስተር የተወለደ፣ ዘንካታ፣ ፀባዩ የለሰለሰ ልጅ። ገና ከመግባቱ ከጠረጴዛው በላይ ያለው ቁምሳጥን ግንባሩን «ቋ!» አደረገው። አምደሚካኤልም ሮሐም ደነገጡ። ወይንሸት ብቻ ወንበሩን ሳብ አድርጋ «ና ተቀመጥ፣ ልጄ» አለችው።

ክትፎውን ስትሠራ ሚጥሚጣውን ሳትሰስት ነው የነሰነሰችው። በሎሚ የተበጠበጠ ቀዝቃዛ ውሃ በትልቅ ማንቆርቆሪያ አጠገቡ አስቀምጣለታለች። ብርጭቆው ጎደል ባለ ቁጥር ትሞላለች።

«እትዬ፣ አንተ በጣም ጥሩ ትሠራለህ» አለ ጌድዮን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «ትንሽ ስፓይሲ ነው። ግን ጥሩ።»

«ጠጣበት፣ ጠጣበት።»

አምደሚካኤል በዚህ መሀል ስለ ሞተሩ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ፊት መስታወቱ ስፋት እየጠየቀ በደስታ ሊበር ደርሶ ነበር። ጌድዮን አራተኛውን ብርጭቆ ጨርሶ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ጀመረ።

«ኤክስኪውዝ ሚ፣ ባዝሩም ልጠቀም?»

«መንገዱን እኔ ላሳይህ?» አለች ወይንሸት። «የሠራኸው አንተ!»

ልጁ ገባ። በሩን ለመዝጋት ሲታገል፣ ጉልበቱ ከበሩ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። ወይንሸት ወደ ባልዋ ዞራ «አምዴ፣ ከመኝታው ጋ ካለው ቁምሳጥን ነጩን ናፕኪን አምጣልኝ» አለችው። አምደሚካኤል በመተላለፊያው አልፎ ወደ ኋላ፣ አልጋው ወዳለበት ሄደ። ወይንሸት ተነሳች፤ የፍሪጁን በር እስከ ዳር ከፈተችው። ባልዋ በዚያ፣ እሷ በዚህ፣ ልጁ ሽንት ቤት።

አምደሚካኤል ቁምሳጥኑ ጨልሞበት አልጋው ራስጌ ካሉት ማብሪያዎች አንዱን ጠቅ አደረገ። የመኝታው መብራት አልበራም። ሽንት ቤት ውስጥ ግን «ሄሎ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። «መብራት ጠፋ። ሄሎ?»

ወይንሸት ይህን አላሰበችበትም ነበር። እንደ ስጦታ ተቀበለችው።

ውሃው ሲለቀቅ ተሰማ፤ ከዚያ በሩ ተገፋ። ሁለት ጣት ያህል ተከፍቶ ፍሪጁ ላይ አረፈ።

«እትዬ? በሩ ኢዝ ስታክ።»

«ፍሪጁን ከፍቼው ነው፣ ልጄ። ቅቤ እየፈለግኩ ነው። ትንሽ ታገሥ።»

«ኦኬ» አለ ጌድዮን። ቆየ፣ ቆየና፣ «እትዬ፣ ቅቤ ተገኘች?»

«ገና ነኝ።»

ሮሐ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ አንዴ ወይንሸትን፣ አንዴ ፍሪጁን አየች። ፍሪጁ ውስጥ አንድ ሎሚና አንድ ጠርሙስ ሰናፍጭ ብቻ ነበር። ነገሩ ሲገባት ሳቋን በሁለት እጇ አፈነችው። አምደሚካኤል ናፕኪኑን ይዞ ተመለሰና ከፍሪጁ በር ማዶ ቆመ።

«ወይንሸት! ዝጊው እንጂ! ሰው አለ እኮ ውስጥ!»

ወይንሸት ከሽርጧ ኪስ ካርዶቹን አወጣች፤ ሃያ ሦስቱንም። በፍሪጁ በር አናት ላይ አሳልፋ ለባልዋ ዘረጋችለት። «መነጽሬን ረስቻለሁ። እነዚህን ለልጁ አንብብለት። አማርኛ ማንበብ አይችል ይሆናል።»

መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ነበር። አምደሚካኤል መነጽሯን አየ፤ ካርዶቹን አየ፤ የሚያመልጥበት ቦታ ፈለገ። ከኋላው አልጋ ነው፣ ከፊቱ ፍሪጅ።

«አንብብልኝ፣ ጋሼ» አለ ጌድዮን ከጨለማው ውስጥ። «ምንድን ነው?»

አምደሚካኤል ጉሮሮውን ጠረገ። «ፍሪጅ ሲከፈት» ብሎ በደከመ ድምፅ አነበበ፣ «ሽንት ቤት ያለ ሰው እስረኛ ነው።» ቀጥሎ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው።

«የሽንት ቤት መብራት ማብሪያ አልጋ ራስጌ ነው። የተኛ ሰው ለተቀመጠ ሰው እንዲያበራ ማን ወሰነ?»

«ማንኪያ መንገድ ላይ አይገኝም። ሾርባ በመዳፍ ነው።»

አምስተኛውን ሲያነብ ድምፁ መለወጥ ጀመረ። ወይንሸት ይህን ድምፅ ታውቀዋለች፤ ፋብሪካ ውሎ ሲመጣ እራት ላይ የሚናገርበት ድምፅ ነው። ስድስተኛውን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ሶኬቱ ከቧንቧው በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ ዕቃ ሲታጠብ ውሃ በሚፈናጠርበት በኩል ነው።» አንገቱን አስግጎ ወደ ማድ ቤቱ ተመለከተ። እውነትም ነው። ሦስት ወር ሙሉ አጠገቡ ቆሞ ዕቃ አጥቧል።

«ጌድዮን!» አለ። «ይሄ ጉድለት አይደለም። ወንጀል ነው! ሶኬቱን እዚያ ማን አደረገው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ! እኔ ባዝሩሙን ብቻ ነኝ። ኪችኑን ሌላ ሰው ነው፣ ሌላ ፍሎር ላይ። እኔ በሩን ከፍቼ ስስለው የሱ ፍሪጅ ዝግ ነው። እሱ ፍሪጁን ሲከፍት የኔ በር ዝግ ነው። ሶ፣ ኮምፒዩተር ላይ ሁለቱ አብረው ተከፍተው አያውቁም።»

«ተኝተህበት ታውቃለህ?» አለች ወይንሸት።

«ኖ።»

«አንድ ቀን እንኳ?»

«እኔ ካምፒንግ አልወድም፣ እትዬ» አለ።

ሮሐ ከዚህ በኋላ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አምደሚካኤል ግን አልሳቀም። «ብዕር ስጪኝ» አለ፣ እጁን በፍሪጁ አናት ላይ እየሰደደ። ወይንሸት ሰጠችው። እያንዳንዱን ካርድ አልጋው ላይ ዘርግቶ፣ እያነበበ፣ «የተቆጣጣሪ ፊርማ» የሚለው መስመር ላይ ስሙን አሰፈረ። ሃያ ሦስተኛውን ፈርሞ ቀና አለና ሚስቱን አያት።

«እኔ ብሆን አላሳልፈውም ነበር» አለ።

ወይንሸት ይህችን ቃል ወር ተኩል ጠብቃታለች። እውነቱን ለመናገር ስትሰማት እንዳሰበችው አልጣፈጠቻትም። ሰውዬው ድንገት ያረጀ መሰላት። «በቃ፣ በቃ፤ ልጁን እናውጣው» ብላ ፍሪጁን ልትዘጋ ሳበችው።

አልዘጋም አለ።

እንደገና ሳበችው። ለካ ጌድዮን በሩን ሲገፋ፣ የሽንት ቤቱ በር እጀታ የፍሪጁ መያዣ ውስጥ ሾልኮ ገብቶ ተቆልፏል፤ እንደ ሁለት የተዋጉ በጎች ቀንድ። እሷ ስትስብ ይጠብቃል፤ እሱ ሲገፋ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ቅቤውን ተወው!» ብሎ ጮኸ ጌድዮን።

«ትቼዋለሁ፣ ልጄ፣ ትቼዋለሁ! ወደ ውስጥ ሳብ!»

«ሳብኩ!»

«ግፋ!»

«ገፋሁ!»

ሮሐ ሳቋን አቁማ ተነሳች። በሩን በመዳፏ እየመታች «በኢየሱስ ስም ተከፈት!» አለች። በሩ አልሰማም።

«ብሎን መፍቻ ነው የሚያስፈልገው» አለ አምደሚካኤል። «የፍሪጁን በር ከማጠፊያው እፈታዋለሁ። ግን ማጠፊያው በእናንተ በኩል ነው። የዕቃ ሳጥኑ ደግሞ ደጅ፣ መኪናው ሆድ ውስጥ ነው።»

የዕቃ ሳጥኑ ማስቀመጫ ደግሞ የሚገኘው ወደ ውጭ በወጣው ግድግዳ ሥር ነበር። ግድግዳው ወጥቶ ሳለ እዚያ የሚደረሰው በሆድ ተሳቦ ብቻ ነው። ጩኸት ሰምቶ ከሱቁ የመጣው ፍቅረማርያም ጎንበስ ብሎ አየና «እኔ ከገባሁ አልወጣም» ብሎ እንቅጩን ተናገረ። ሮሐ የሳምንቱን ጥፍር ቀለሟን ተሰናብታ፣ ወንድሟን በአማርኛም በእንግሊዝኛም እየረገመች ተሳበች።

አምደሚካኤል በበኩሉ አልጋው ላይ ወጥቶ የአደጋ ጊዜ መውጫውን መስኮት ከፈተ። እግሩን አስቀድሞ ወጣ። እስከ ወገቡ ድረስ ጥሩ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቀበቶው መስኮቱ ጠርዝ ላይ ያዘው፤ ግማሹ ፌርፋክስ፣ ግማሹ አልጋ ላይ ቀረ። ቅዳሜ ቀትር ነውና አጎራባቹ ምግብ ቤት ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ ጓሮው ጎረፈ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። አንዲት ሴት «ሌባ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ባለቤቱ ነው!» አለ ፍቅረማርያም፣ ከተንጠለጠለው እግር ሥር የለስላሳ ሳጥን እያነባበረ። ወዲያው ደግሞ ለሰዉ ሁሉ የነገረው ነገር ትዝ አለውና፣ «ማለት… ላውሰው ብዬ ነው» አለ።

«ወይንሸት!» ብሎ ጮኸ አምደሚካኤል፣ ፊቱ ፍራሹ ውስጥ ተቀብሮ። «የመስኮቱ ስፋት! ይህንንም ጻፊ!»

ወይንሸት ከሽርጧ ኪስ ሌላ ካርድና ብዕር አውጥታ ጻፈች። በጽሑፉ መሀል ቀበቶው ተበጠሰና አምደሚካኤል ሳጥኖቹንም ፍቅረማርያምንም ይዞ ወረደ። የፍቅረማርያም ሆድ ባይኖር ኖሮ ነገሩ ይከፋ ነበር። እንዲያም ሆኖ አምደሚካኤል ዳሌው ክፉኛ ተመቶ፣ እያነከሰ በፊት በር ገባ። ከሮሐ እጅ መፍቻውን ተቀበለና ማጠፊያው ፊት ተንበረከከ። ሦስት ብሎን። አንደኛውን በጣቱ ብቻ ነቀለው።

«አልጠበቀም እንኳ» አለ። «ከፋብሪካው ሲወጣም አልጠበቀም።»

የፍሪጁ በር ወለቀ። ጌድዮን ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው ወጣ። ግንባሩ ላይ የቁምሳጥኑ ቡጢ አብጧል፤ ሸሚዙ ከላብ የተነሳ ተለጥፎበታል። ባዶውን ፍሪጅ ትኩር ብሎ አየ። ሎሚውን አየ። ሰናፍጩን አየ።

«እትዬ» አለ። «ቅቤ የለም።»

«የለም» አለች ወይንሸት። መዋሸት አስጠላት። «ሆን ብዬ ነው የከፈትኩት። መቆለፉን ግን እኔ አላደረግኩም፤ ያ የናንተ ነው።»

ልጁ አልጋው ላይ የተዘረጉትን ካርዶች አንድ በአንድ ሰበሰበ። በመጨረሻ «ካርዶቹን ልውሰዳቸው?» አለ። ሃያ አራቱንም ወሰደ።

ጌድዮን በሳምንቱ ያደረገውን ለወይንሸት የነገረቻት ሮሐ ናት። ሰኞ ጠዋት ቶራንስ ቢሮ፣ ማድ ቤቱን የሚነድፈውን ባልደረባውን «አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ለእይታ የቆመው አርቪ ውስጥ አስገባው። ሽንት ቤት ግባና ቁመቱን ለካ አለው። ከዚያ ፍሪጁን ከፈተና ሃያ አራቱንም ካርድ እያነበበለት ቆየ። አለቃቸው ሰውዬው ሲጮኽ ሰምቶ መጣ። ለሚቀጥለው ሞዴል በሩ ወደ ጎን የሚንሸራተት እንዲሆን እየተነጋገሩ ነው አሉ። ለነወይንሸት ጌድዮን ራሱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከአምደሚካኤል ጋር በሩን ተንሸራታች አደረጉት፤ ሶኬቱንም ከቧንቧው አራቁት። የቆሻሻ ውሃ መጠን አመልካቹን ግን ሁለቱም ማሸነፍ አልቻሉም፤ ዛሬም «ሙሉ ነው» ይላል።

ዳሌው ያበጠ ቀን ማታ ወይንሸት በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ስትይዝለት፣ አምደሚካኤል ሳይጠየቅ ተናገረ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ለሚበር ነገር ሁሉ ስፈርም ኖርኩ። እኔ ግን ከፌርፋክስ ሃውቶርን፣ ከሃውቶርን ፌርፋክስ። ያን ቀን ሻጯ መሪው ላይ አስቀመጠችኝ። የፊት መስታወቱ እንደ ሲኒማ ሰፊ ነው። ሌላ ምንም አላየሁም፣ ወይኒ። ሃያውንም ደቂቃ መስታወቱን ነው ያየሁት።»

ወይንሸት በረዶውን ወደ ሌላ ጎን አዞረችው። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት መኪና እንዳይነዳ ከልክሎታል፤ ሞሮ ቤይ ባሕር ዳር የያዙት ቦታ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ያንን ቦታ ለማግኘት ኮምፒዩተር ላይ ስንት ቀን እንዳፈጠጠ አይታለች።

«እኔ እነዳዋለሁ» አለች።

«አንቺ? ያንን?»

«ሌላ ሰው አለ?»

ዓርብ ጠዋት ወጡ። የፌርፋክስን ዛፎች ትንፋሿን ይዛ አለፈቻቸው። ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ፍሪዌዩ ላይ ስትገባ መዳፏ ላብ በላብ ነበር፤ አምደሚካኤል አጠገቧ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ይሁን ምክር አልለየችውም። እስከ ቬንቹራ በቀኝ መስመር ተጎተተች። ከዚያ ባሕሩ በግራ በኩል ቁልጭ ብሎ ወጣ። ከላይ ሆና ነው የምታየው፤ በትንሿ መኪናዋ ሁልጊዜ የመንገዱ አጥር የሚከልላትን ውሃ። ከኋላዋ የነበሩ መኪናዎች ፈራ ተባ እያሉ ቦታ ይለቁላታል። ዕድሜዋን ሙሉ ፍሪዌይ ላይ ጥሩምባ ሲነፋባት የኖረች ሴት ዛሬ የሚከለክላት የለም። እግሯን ትንሽ ጫን አደረገች።

«ወይኒ፣ ስድሳ አምስት ማይል ነው» አለ አምደሚካኤል።

«አይቻለሁ።»

«ሰባ ሆነ።»

«መስታወቱን ተመልከት» አለችው።

በሰባተኛው ሳምንት አምደሚካኤል ፍቅረማርያም ሱቅ ገብቶ በርበሬ ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ሐኪሙ ድነሃል ብሎታል። ሚስቱ ግን ቁልፉን አልሰጥም ብላለች። «ስድስት ሳምንቱ አለቀ እኮ ብላት ‘ውጤቱ ከላብራቶሪ አልመጣም’ ትለኛለች። የምን ላብራቶሪ? ዳሌ ነው እኮ!»

ፍቅረማርያም መልስ ሊሰጠው ሲል ከጓሮው የአርቪው ጥሩምባ ተነፋ። ረጅም ነው፣ ሁለት ጊዜ። አምደሚካኤል ተነሳ፤ ሸሚዙ ላይ የቦነነበትን በርበሬ አራገፈ።

«ወዴት ነው ዛሬ ደግሞ?» አለ ፍቅረማርያም።

«አልነገረችኝም» አለና ወደ ጓሮው እየተጣደፈ ወጣ፤ ትታው እንዳትሄድ።